ከፍ ያደረግሁት ማስጠንቀቂያ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ዶርም አብራኝ ለምታድረው ጓደኛዬም አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ ለመናገር አንድ ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ ያም ሙከራ ከተባለ። ባለፈው ዓቢይ ጾም ገበዝ ማርያም፣ አገሬ ገብቼ ከፊታቸው ቆምኩና «አባ፣ በሐሰት ተናግሬያለሁ» አልኳቸው።

«በማን ላይ ልጄ?» አሉኝ።

«በሰው ላይ» አልኩ።

ስሟን አልጠራሁም። ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድኩ። ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። እንዴትስ ይቅለለኝ? የተናዘዝኩት ስም የሌለው፣ ፊት የሌለው፣ የማንም ሊሆን የሚችል ኃጢአት ነበር። ሰርቨር ምን እንደሆነ ለአባ ማስረዳት ስለሚከብደኝ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ለአባ የማይገባቸው ግን ሰርቨሩ ነው እንጂ የበደልኳት ሴት፣ ይታይሽ፣ አይደለችም። ስለ ይታይሽ ለመናገር ሰርቨር የሚለው ቃል ጭራሽ አያስፈልገኝም ነበር።

እርስዎ ይህን የሚያነቡ አያውቁኝም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርዎት፤ ስሰንፍም ይታዘቡኝ።

አሁን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። መምህራኖቼ ጥንቁቅ ናት ይሉኛል። የቤት ሥራዬን ከቀኑ ቀድሜ አስረክባለሁ። ሰው የጠየቀኝን እምቢ ማለት አልችልም፤ ሰው ሲያመሰግነኝ ደግሞ ያ ቀን በሙሉ ብሩህ ይሆንልኛል። ይህ መልካም ጠባይ ይመስላል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ መልካም ጠባይ ይመስለኝ ነበር። የዛሬ አራት ዓመት ግን ይኸው ጠባዬ አንዲትን ሴት ከእንጀራዋ አፈናቀለ።

ያኔ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቼ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ኮምፒውተር እማር ነበር። ለተግባር ልምምድ የተመደብኩት በከተማው ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ነው፤ ስሙን አልጠራውም። የገበሬዎች የመሬት ይዞታ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር የሚገባበት ቢሮ ነበር። መረጃው ሁሉ የሚቀመጥበት ሰርቨር እስከ ወገቤ የሚደርስ ጥቁር ሣጥን ነው። የራሱ ክፍል በኮምፔርሳቶ ሊከለልለት ታስቦ ነበር። ኮምፔርሳቶው መጣ፤ አናጺው አልመጣም። ስለዚህ ሰርቨሩ መረጃ አስገቢዎቹ በሚሠሩበት ክፍል ጥግ ላይ ቆሞ ቀረ፤ እሱን እንዲያቀዘቅዝ የተገዛው ኤሲም ከሠራተኞቹ ራስ በላይ ተሰቀለ። ሰዉ ቀኑን ሙሉ በሰርቨር ብርድ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

የሰርቨሩ ኃላፊ ጋሽ ሙሉቀን የሚባሉ ባለሙያ ነበሩ። አንድ ቦታ አይቀመጡም፤ ዛሬ ቡሬ፣ ነገ ቋሪት እየዞሩ የሌሎች ወረዳዎችንም ማሽኖች ያያሉ። ስለዚህ እሳቸው በሌሉበት እንድጠብቅ እኔን አስተማሩኝ። ሰርቨሩ ላይ ሙቀት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ተገጥሟል። የለካውን ወደ እኔ ጠረጴዛ ኮምፒውተር ይልካል፤ ኮምፒውተሩም ከቀን ወደ ቀን መስመር አድርጎ ይስለዋል። ሙቀቱ ከተወሰነው ቁጥር ካለፈ ኮምፒውተሩ ይጮኻል፤ ጋሽ ሙሉቀንም የትም ይሁኑ ስልካቸው ላይ መልእክት ይገባላቸዋል።

«የዛሬው ቁጥር እንዳያታልልሽ» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። «ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ታሪኩን እይ። ባለፈው ሳምንት በዚህ ሰዓት ስንት ነበር? ባለፈው ወርስ? የለመደውን ካወቅሽ በኋላ ማስጠንቀቂያውን ከለመደው ትንሽ ከፍ አርገሽ አስቀምጭ። በጣም ዝቅ ካረግሽው በከንቱ እየጮኸ ሰው ይሰለቸዋል። በጣም ከፍ ካረግሽው ደግሞ የሚጮኸው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።»

ይህን በቃሌ ያዝኩት። ታሪኩን አብረን አይተን ማስጠንቀቂያውን ሃያ ስምንት ዲግሪ ላይ አደረግነው። የይለፍ ቃሉን የምናውቀው እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ደረቴ እንዴት ተነፍቶ እንደነበር አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ከመረጃ አስገቢዎቹ ሁሉ ፈጣኗ ይታይሽ ነበረች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። የኮንትራት ሠራተኛ ነበረች። ባሏ ቡሬ ዙሪያ ገጠር ውስጥ አስተማሪ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ፈቃዷ አልቆ ስትመለስ ልጅቷ ገና ክርስትና አልተነሳችም ነበር፤ ሴት ልጅ የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነውና። ቤቷ ብትቆይ ደግሞ ኮንትራቱ ላይታደስላት ይችላል። ጆሮዋን በጥጥ ደፍና፣ ራሷን በነጠላ ጠምጥማ፣ ጋቢ ደርባ መጣችና ልክ ከኤሲው ሥር ካለው ወንበሯ ተቀመጠች። እርስዎ የእኛ አገር ሰው ከሆኑ አራስን ነፋስ ቢመታት ምን እንደሚባል እኔ አልነግርዎትም።

«አንች ሰው፣ ልትሞች ነው እንዴ?» አለቻት አጠገቧ የምትሠራው። «በእማምላክ፣ ከዚህ ተነሽ!»

«ወዴት ልነሳ?» አለች ይታይሽ ወደ ሰርቨሩ በአገጯ እያሳየች። «ዋናው አራስ እኮ እሱ ነው። እኔ ጠያቂ ነኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እሷም ሳቀች፤ ጥርሷ ግን ሲንገጫገጭ አየሁት። የቢሮውን ኃላፊ አቶ ጌታሁንን ቦታ እንዲቀይሩላት ጠየቀቻቸው። ሶኬት ያለው እዚያ ብቻ ነው፣ አናጺው ሲመጣ ይስተካከላል አሏት። አናጺው ከመቼ ጀምሮ ነበር የሚመጣው?

የኤሲው ሪሞት በእኔ እጅ ነበር። ማንም አላዘዘኝም። ተነሥቼ ኤሲውን አጠፋሁት። ይታይሽ ዞር ብላ አየችኝና «እድሜ ይስጥሽ፣ የኔ እናት» አለችኝ። ሴቶቹ ሁሉ መረቁኝ። በቃ፤ ለእኔ ይህ ይበቃኝ ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኮምፒውተሩ ጮኸ። ወዲያው ጋሽ ሙሉቀን ከቋሪት ደወሉ።

«ምን ተፈጠረ? ሙቀት አለፈ ይለኛል እኮ።»

«መብራት ጠፍቶ ነበር ጋሼ። አሁን መጥቷል» አልኳቸው።

የመጀመሪያው ውሸቴ ይህ ነው። እንዴት ቀለለኝ! መብራት መጥፋት በእኛ ከተማ ማንንም የማያስገርም ነገር ነው። እውነቱን ብነግራቸውስ ምን ይሉኝ ነበር? ምናልባት ለአቶ ጌታሁን ደውለው ጠረጴዛዋን ያስነሱላት ነበር። ምናልባት አናጺውን ራሳቸው ያመጡት ነበር። ደግ ሰው ነበሩ። እኔ ግን እሳቸውንም ደስ ማሰኘት፣ እሷንም ደስ ማሰኘት ፈለግሁ። ለሁለቱም የሚሆነው አንድ መንገድ ብቻ መሰለኝ፤ ማስጠንቀቂያውን ከፍ ማድረግ። ሃያ ስምንቱን ሠላሳ ሁለት አደረግሁት። ኮምፒውተሩ ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ይታይሽ ስትገባ ኤሲውን አጠፋለሁ፣ ማታ ስትወጣ እከፍታለሁ። መጋቢት ነበር። ፍኖተ ሰላም በመጋቢት፣ ቆርቆሮ ሥር፣ መስኮት ተዘግቶ እንዴት እንደሚሞቅ የኖረበት ያውቀዋል። ሙቀቱ ሠላሳ ሁለትን ሊያልፍ ተቃረበ። ሠላሳ አምስት አደረግሁት። ወደዚያም ተጠጋ። እኔ ታሪኩን በየቀኑ አይ ነበር፤ እንዳላየሁ አድርጌ ልነግርዎት አልችልም። መስመሩ ከሳምንት ወደ ሳምንት ወደ ላይ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ምን እንዳልኩ ያውቃሉ? «የለመደው ይህ ሆኗል» አልኩ። «ማስጠንቀቂያው ከለመደው ትንሽ ከፍ ማለት አለበት» አልኩ። የመምህሬን ቃል ሳላጎድል ሠራሁበት። መስመሩን ያጣመምኩት እኔ፤ ከዚያ የጠመመውን መስመር ምስክር አድርጌ የምጠቅሰው እኔ። አንድን ነገር ማቀዝቀዝ ሲያቅት ቁጥሩን ከፍ ማድረግ እንደሚቻል ያኔ ተማርኩ። ምነው ባልተማርኩት!

የልጅቷ ክርስትና እሑድ ነበር። ሐሙስ ዕለት በበዓሉ መሐል ጋሽ ሙሉቀን እንዳይደውሉብኝ ብዬ ማስጠንቀቂያውን ስልሳ ላይ ሰቀልኩት። ስልሳ ማለት መቼም አትጩኽ ማለት ነው።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ይታይሽ ለድግሱ ቀድማ ለመውጣት አስፈቀደች። እኔም ዕቃ ላግዛት አብሬያት ወጣሁ። ሌሎቹ ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ስብሰባ ነበራቸው፤ ክፍሉ ተቆለፈ። ሪሞቱን እንደልማዴ በእሷ መሳቢያ ውስጥ ከሻርፗ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ኤሲውን መልሼ አልከፈትኩትም። ረሳሁት። እስከዚህ ድረስ መርሳት ነው፤ መርሳት ይቅር ይባላል።

ቀጥሎ ያለውን ግን ምን ልበለው?

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ይታይሽ ሕፃኗን ታቅፋ ተቀመጠች፤ እናቷ «ዝጉት ያን መስኮት! ነፋስ ሊገባባት ነው!» ብለው ጮኹ። መስኮቱ ተዘጋ። ቤቱ ሰው ሞልቶት ስለነበር ወዲያው ታፈነ፤ ላቤ በጀርባዬ ወረደ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። የተቆለፈው ክፍል፣ የጠፋው ኤሲ፣ ስልሳ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ትዝ አለኝ። ቢሮው ከዚያ ቤት ሩቅ አልነበረም፤ ዘበኛውም ያውቀኛል። ልነሳ ስል የይታይሽ እናት ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝና ለእንግዶቹ «ይቺ ናት ልጄን ከብርድ ያዳነችልኝ» አሉ። ትልቅ ጉርሻ አጎረሱኝ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ።

ተቀመጥኩ። ሳላስታውስ ቀርቼ አይደለም፤ አስታውሼ ነው የተቀመጥኩት። እስኪመሽ ድረስ ስመረቅና ስበላ ዋልኩ።

ሰኞ ጠዋት በሩን ስከፍት የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ተቀበለኝ። ሰርቨሩ ሞቷል። ጋሽ ሙሉቀን ከቡሬ እየመጡ ነው ተባለ። እስኪደርሱ ጊዜ ነበረኝ። የእኔ ኮምፒውተር ደኅና ነበር፤ የሙቀቱ ታሪክ ምንም ሳይጎድል በውስጡ አለ። ማስጠንቀቂያው በየትኛው ቀን ከፍ እንዳለ፣ ከፍ ያደረገውም በየትኛው ስም እንደገባ ተጽፏል። ስሙ የእኔ ነው። ማስጠንቀቂያውን ወደ ሃያ ስምንት መለስኩት። ከዚያ ታሪኩን ሰረዝኩት። ኮምፒውተሩ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩት።

ጋሽ ሙሉቀን ሰርቨሩን ፈታተው አዩት። ዲስኩ አይድንም። በእጃቸው ያለው ቅጂ ይታይሽ ከመመለሷ በፊት የተወሰደ ነበር፤ ስለዚህ ከተመለሰች ወዲህ የሠራችው ሁሉ ጠፍቷል። ከገጠር በእግራቸው መጥተው ስማቸውንና ድንበራቸውን ያስተካከሉ ሽማግሌዎች እንደገና ሊጠሩ ነው።

«ታሪኩስ?» አሉኝ።

«የለም ጋሼ። መብራት ሲጠፋ አብሮ የጠፋ መሰለኝ።»

ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው እንደ ጥፋተኛ ልጅ ተመለከቱት። «እንግዲህ ቡሬ ኔትወርክ አልነበረኝ ይሆናል። መልእክቱ ሳይደርሰኝ ቀረ» አሉ። ራሳቸውን ወቀሱ። እኔም ሲወቅሱ ቆሜ አየኋቸው።

አቶ ጌታሁን ሪሞቱን ፈልገው ከይታይሽ መሳቢያ ውስጥ አገኙት። ለእሳቸው ነገሩ እዚያው አለቀ።

በማግሥቱ ግምገማ ተጠራ። በዚያ ዘመን መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚያልቀው ሁሉ በግምገማ ነበር፤ ሁሉም በተራው ተነሥቶ ግለ ሂሱን ያወርዳል። ጋሽ ሙሉቀን ቅጂውን በየሳምንቱ አለመውሰዴ ጥፋቴ ነው አሉ። አንዱ ሰዓት አላከብርም አለ። አንዷ ስልክ አበዛለሁ አለች። ይታይሽ ስትነሳ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች።

«ብርዱ ስለከበደኝ ያስጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «ማንም ሌላ ሰው የለበትም። ማታ ማታ ግን ይከፈት ነበር። ዓርብ እንዴት እንደሆነ አላውቅም።»

ያስጠፋሁት አለች እንጂ ያጠፋሁት እኔ መሆኔን አልተናገረችም። ወደ እኔ ዞር ብላ እንኳ አላየችም። ተማሪ ስለሆንኩ እንዳልጎዳ ብላ እንደሆነ ያኔውኑ ገብቶኛል። አቶ ጌታሁን ግን ወደ እኔ ዞሩ።

«አንች እዚያው ክፍል ነሽ። ኤሲውን ማን ነበር የሚያጠፋው?»

እዚህ ላይ ነው። ሌላው ሁሉ ወደዚህ የሚያደርስ መንገድ ነበር። ተነሣሁ። አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ፤ «እኔ» የሚል። አፌን ከፈትኩና እንዲህ አልኩ፦ «ሲጠፋ አላየሁም። እትዬ ይታይሽ ግን ብርድ ትፈራለች።»

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እውነት ነው። በዚህ ምክንያት ነው ከመጀመሪያው ይልቅ የማፍርበት። ለእሷ ሳዝን ባወቅሁት እውነት መልሼ ወጋኋት። ከዚያ የራሴን ግለ ሂስ አወረድኩ፤ አንዳንድ ቀን አረፍዳለሁ አልኩ። አርፍጄ እንኳ አላውቅም ነበር። ኤሲውን ሳጠፋ ያዩኝ ሴቶችም ኮንትራታቸውን ፈርተው አንገታቸውን ደፉ።

ኮንትራቷ አልታደሰም። ዕቃዋን በፌስታል አድርጋ ስትወጣ ጉንጬን ስማኝ «በትምህርትሽ በርቺ» አለችኝ። ከወር በኋላ ጋሽ ሙሉቀን የልምምድ ውጤቴን ሞሉልኝ። ከሁሉም ተማሪ ከፍ ያለውን ሰጡኝ፤ ከሥሩም «ጥንቁቅና ታማኝ» ብለው ጻፉ።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስሄድ ቡሬ ላይ አውቶቡስ እስኪሞላ ወረድኩ። ከመናኸሪያው ማዶ አንድ በረንዳ ላይ ራፖር ጻፊዎች ተደርድረው ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋሉ። ከመካከላቸው ጋቢ የደረበች አንዲት ሴት ወረቀቷ እንዳይበርባት ድንጋይ ጭናበት ትጽፋለች። ይታይሽ ነበረች። ላልፋት ፈለግሁ፤ ይህንንም ይመዝግቡልኝ። ቀድማ አየችኝና ጠራችኝ።

«ወይ ጉድ! አንች ነሽ? ምን ሁነሽ ነው ያለፍሽኝ?» ብድግ ብላ አቀፈችኝ። ዩኒቨርሲቲ መግባቴን ስትሰማ ለጎረቤቶቿ ሁሉ ተናገረች። በረንዳው ግድግዳ የለውም፤ ነፋሱ ከፊትም ከኋላም ይመታል። «እይው እስቲ» አለችኝ እየሳቀች፤ «ያን ጊዜ ስሸሸው የነበረው ነፋስ አሁን ቀኑን ሙሉ አሠሪዬ ሆነ።»

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ያን ነገር አሁንም አስበዋለሁ። ዓርብ ስወጣ ሪሞቱን ራሴ ነክቼው ይሆናል። ያን ሰሞን መች ልብ ነበረኝ? ገበሬውን ሁሉ አንከራተትኩት።»

ሥራዋን ብቻ የወሰድኩባት ይመስለኝ ነበር። የገዛ ትዝታዋንም ወስጄባት ኖሯል። ያልሠራችውን አምናለች። እኔ ልናገር የሚገባኝን ኑዛዜ አራት ዓመት ሙሉ እሷ ለራሷ ስትናዘዝ ኖራለች። ከዚህ የተሻለ ጊዜ ከየት ይመጣል? አጠገቧ ተቀምጫለሁ፣ እጇን ይዣለሁ፣ ቃሉ አፌ ላይ ደርሷል። ረዳቱ ተጣራ። ተነሣሁ።

«ማኅሌት፣ ነይ» ብላ ከኋላዋ ትጫወት የነበረችውን ልጅ ጠራቻት። «እሷን ሳሚያት። አንቺ ሕፃን ሳለሽ እናትሽን ከብርድ ያዳነቻት እሷ ናት።»

ልጅቷ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ።

እንግዲህ ተናገርኩ። ኤሲውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ማስጠንቀቂያውን ስልሳ ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። አስታውሼ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ታሪኩን የሰረዝኩት፣ ይታይሽን አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ መዋሸት ያወቅሁ እውነት መናገርም አውቅ ነበር። ለአራስ አዝኜ ነው አልልም፤ ማዘኔ እሑድ ዕለት አልቋል።

ከእርስዎ ይቅርታ አልጠይቅም፤ መስጠቱ የእርስዎ አይደለም። ትምህርት ሲዘጋ ቡሬ ወርጄ ያን በረንዳ እፈልጋለሁ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ገልጦ ለዚያ መሥሪያ ቤት የሚገባውን ማመልከቻ እሷ አትጽፈውም። እኔው ከጠረጴዛዋ ተቀምጬ፣ ነፋሱ እየመታኝ፣ እሷ እያየችኝ በእጄ እጽፈዋለሁ። ከዚያ በኋላ ብትጮኽብኝ ትጩኽ፤ ፊቷን ብታዞርብኝም ታዙር።

የልጅቷን ስሞሽ ግን እንዴት አድርጌ እመልሳለሁ?